ከ60 እስከ 120 ዲግሪ፦ ትከሻዬ በአልትራሳውንድ ሲታይ

ክብ እየሳልኩ ነበር። ሰሌዳ ላይ፣ በትልቁ የእንጨት ኮምፓስ። ከታች ስጀምረው ደህና ነበርኩ። እጄ ትከሻዬ ልክ ሲደርስ ግን አንዳች ነገር ክንዴን ከውስጥ ቆንጥጦ ያዘኝ። ጥርሴን ነክሼ ወደ ላይ ገፋሁት። ላይኛው ጫፍ ስደርስ ሕመሙ የለም። በሌላው በኩል ስወርድ እዚያው ከፍታ ላይ ጠብቆ ያዘኝ። "ቲቸር፣ ይሄ ክብ ነው እንቁላል?" አለ ከኋላ የተቀመጠ አንዱ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ እዚሁ አዲስ አበባ። ሃያ ሦስት ዓመት ጠመኔ ይዣለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ይህን የምጽፈው ትከሻቸውን አሟቸው "አልትራሳውንድ ተነሱ" ለተባሉ ሰዎች ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ተነስቻለሁ። የመጀመሪያው ወረቀት ጅማትህ ተቀዷል አለኝ። ሁለተኛው አልተቀደደም አለ። ትከሻው ያው የኔ ነው፤ በመሃል ያለፈው ሦስት ሳምንት ነው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ሲገባኝ፣ ይህንን አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው በኖረ ብዬ ተቆጨሁ።

ከዚያ ክብ በኋላ አራት ወር ዝም አልኩት። እኛ አገር ትከሻ ካመመ መልሱ አንድ ነው፦ "ብርድ ነው።" ባለቤቴ ብርድ ነው አለች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ በቀለ ብርድ ነው አሉ። መስኮት ከፍተህ ተኝተህ ነው ተባልኩ። እኔም በግራ ጎኔ ብቻ መተኛት ጀመርኩ። ጃኬት ስለብስ የታመመውን እጅ መጀመሪያ ማስገባት እንደሚሻል በራሴ ደረስኩበት። ታክሲ ውስጥ ከኋላ ኪሴ ቦርሳ ማውጣት ስላቃተኝ ገንዘቤ ወደ ደረት ኪሴ ተዛወረ። ሌሊት ቀኝ ጎኔ ላይ ከተገለበጥኩ ነቅቼ እቀመጣለሁ።

ወጌሻም ጋ ሄጃለሁ። ስለ ወጌሻ ክፉ አላወራም። ልጅ ሆኜ የወለቀ ጣቴን የመለሱልኝ ወጌሻ ናቸው። ይኼኛው ግን ውልቃት አልነበረም። በቅቤ አሹኝ። ክንዴን ወደ ኋላ ጠመዘዙትና "ገባ" አሉኝ። የወጣ ነገር ስላልነበረ ምን እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በሦስተኛው ቀን የአጥንት ሐኪም ጋ ሄድኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። "የት ላይ ነው የሚያምዎት?" አለኝ። ክትባት የምንወጋበትን ቦታ፣ የክንዴን ውጪ በኩል አሳየሁት። "ትከሻው ላይ አይደለም?" "አይ፣ እዚህ ነው።" የትከሻ ጅማት ሲታመም ብዙ ጊዜ ሕመሙ የሚሰማው እዚያ ነው አለኝ። ከክርን አልፎ እስከ ጣት የሚወርድ፣ የሚያደነዝዝ ሕመም ቢሆን ግን አንገቴን ይጠረጥር እንደነበር ነገረኝ። ይህን ልብ በሉ። የአንገት ሕመም ይዞ ትከሻውን አልትራሳውንድ የሚነሳ ሰው የጠፋበትን ቁልፍ በሌላ ሰው ቤት እየፈለገ ነው።

ከዚያ ክንዴን በጎን በኩል ቀስ ብዬ እንዳነሳ አደረገኝ። "ሲጀምርዎት ይንገሩኝ።" "አሁን።" "ሲለቅዎትስ?" "አሁን።" ካርዴ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። የተገለበጠ ጽሑፍ ማንበብ ሥራዬ ነው፤ ኩረጃ የሚያዘው በዚያ ነው። "60–120" ይላል። ዲግሪ! እኔና ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቋንቋ ተነጋገርን።

ቀጥሎ ክንዴን ወደ ፊት 90 ዲግሪ አነሳው። ክርኔን 90 ዲግሪ አጠፈው። ከዚያ ክርኔን ይዞ መዳፌን ወደ ወለሉ አዞረው። ከወንበሩ ልነሳ ትንሽ ቀረኝ። ሆኪንስ የሚባል ፈተና ነው። ሁለት ቀጥ ያለ ማዕዘን፣ አንድ ጩኸት። በመጨረሻ ክርኔን ከጎኔ ጋር አጣብቆ እጄን ወደ ውጪ አዞረው። ያለ ችግር ዞረ። እሱ ደስ አለው። ይህ እንቅስቃሴ ቢታገድ ኖሮ ነገሩ "ፍሮዝን ሾልደር" ሊሆን ይችል ነበር። ሙሉ መገጣጠሚያው የሚደርቅበት ሌላ ሕመም ነው፤ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች በብዛት ይይዛል፤ ሕክምናውም ሌላ ነው።

ራጅ ተነሳሁ። ንጹሕ ነው። ራጅ አጥንትን ያሳያል። ጅማት ውስጥ የተከማቸ ካልሲየም ካለ ያሳያል። ጅማቱን ራሱን ግን አያሳይም። ስለዚህ አልትራሳውንድ ተነሳ አለኝ።

"የእርጉዝ አይደለም እንዴ?" አልኩት።

ማታ ለባለቤቴ ስነግራት የባሰ አደረገችው። "እንኳን ማርያም ማረችህ! ወንድ ነው ሴት?" ልጆቼ ሳምንት ሙሉ በዚህ ሲሳለቁብኝ ከረሙ።

ወደ ምርመራው ከመግባቴ በፊት ምኑ ተይዞ እንደሚያም ላስረዳ፤ እኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው። የትከሻችሁን ጫፍ ከላይ ስትነኩት ጠፍጣፋ አጥንት አለ። አክሮሚየን ይባላል። እሱ ጣሪያ ነው። ከሥሩ የክንድ አጥንት ክብ ራስ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ክንድ የሚያነሳ ጅማት ያልፋል፤ ስሙ ሱፕራስፓይናተስ ነው። ጅማቱ ከጣሪያው ጋር እንዳይፋተግ መሃላቸው ላይ ቡርሳ የሚባል ስስ ከረጢት አለ። ጤነኛ ሲሆን ካለመኖር የሚቆጠር ነው፤ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ጅማቱ ሲወፍር ወይም ከረጢቱ ሲያብጥ መተላለፊያው ይጠብበዋል። ክንድ በግምት ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ከፍታ ሲያልፍ የታመመው ቦታ ይጫናል። ከዚያ በላይ አልፎ ስለሚገባ ሕመሙ ይለቃል። የኔ እንቁላል የተሳለው እዚህ ጋ ነው።

ለዚህ ነገር "ኢምፒንጅመንት" የሚለውን ስም ያስለመደው ቻርልስ ኒር የሚባል አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972። የእሱ ሐሳብ ጥፋቱ የጣሪያው ነው የሚል ነበር። አጥንቱ ጅማቱን ይሞርደዋል፤ እንግዲያው አጥንቱን እንሙረደው። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች በዚህ አይስማሙም። ስሙን ግን ወረቀታችሁ ላይ ታገኙታላችሁ።

የመጀመሪያው ምርመራ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ወረፋው ላይ ከኔ በቀር ወንድ የለም ማለት ይቻላል። ተራዬ ሲደርስ አጋደሙኝ። ጄሉ ቀዘቀዘኝ። መሣሪያዋ ትከሻዬ ላይ ሦስት አራት ቦታ አረፈች። ክንዴ ጎኔ ላይ ተዘርግቷል። አንድ ጊዜ እንኳ አንሳው አላሉኝም። ግራውን አላዩትም። የት ያምሃል ብሎ የጠየቀኝም የለም። ከአልጋው ስነሳ አምስት ደቂቃ መሙላቱን እጠራጠራለሁ። ወረቀቱ ላይ "ፓርሻል ቲር" የሚል አለ፤ ከፊል መቀደድ። የቦታውን ስም አልጠራም። ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ ሆድ ሲያዩ የሚውሉ ናቸው፤ ሆድም ደህና አድርገው ያያሉ ብዬ አምናለሁ።

"ተቀደደ" የሚለው ቃል ሰፈር ውስጥ እግር አለው። ማታ የደረሰው እድርተኛ ሁሉ አማካሪ ሆነ። አንዱ ህንድ ሂድ አለኝ። አንዱ ባንኮክ። አንዷ ጎረቤቴ ጸበል አለች። እኔ ልብ አልነበረኝም፤ የቀኝ እጅ የሌለው የሒሳብ አስተማሪ ምን ይሆናል እያልኩ ነው።

ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ክንዴን ይዞ ወደ ታች ገፋው። "ይቋቋሙኝ" አለ። ተቋቋምኩት። አመመኝ እንጂ አልወደቀም። "ጉልበትዎ አለ። ወረቀቱና ትከሻዎ አልተስማሙም" አለኝ። ጡንቻና መገጣጠሚያ ወደምታይ ራዲዮሎጂስት፣ የምስል ምርመራ ሐኪም፣ ላከኝ። በዚያው ቀን ወደ ቀዶ ሕክምና አለመላኩን ዛሬም አስባለሁ።

ሁለተኛዋ ዶክተር ገና ስገባ አልጋው ላይ አላስተኛችኝም። በሚሽከረከር ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና ከኋላዬ ቆመች። ስክሪኑን ለሁለታችንም እንዲታይ አዞረችው። "ዛሬ ማስታገሻ ወስደዋል መምህር?" "አልወሰድኩም።" "ጥሩ። ሲያምዎት ማወቅ አለብኝ።"

በእጇ የያዘቻት መሣሪያ የሆዱ ዓይነት ጎበጥ ያለች አይደለችም። ፊቷ ቀጥ ያለ ነው፤ የጸጉር መቁረጫ ማሽን ታክላለች። የሆዱ ጥልቅ ማየት ስላለበት ከ3 እስከ 5 ሜጋኸርትዝ ባለው ድምፅ ነው የሚሠራው። ትከሻ ግን ቅርብ ነው፤ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ድግግሞሹ (በሰከንድ የሚንዘረው ብዛት) ከፍ ያለ ድምፅ ይጠቀማሉ። ስክሪኑ ጥግ ላይ 12 የሚል አየሁ። ድግግሞሹ ከፍ ሲል ጥልቀቱ ይቀንሳል፤ ምስሉ ግን ይጠራል። ጨረር የለውም፤ ድምፅ ብቻ ነው።

መዳፌን ወደ ላይ አድርጌ ጭኔ ላይ እንዳስቀምጥ ነገረችኝ። ከፊት የሚወርደውን የባይሴፕስ ጅማት አየች። በአጥንቱ ቦይ ውስጥ ተጋድሞ ክብ ነጭ ነጥብ ይመስላል። ከዚያ እጄን ወደ ውጪ አዙራ ሌላውን የፊት ጅማት አየች። ከዚያ ዋናው መጣ። "አሁን ከኋላ ኪስዎ ቦርሳ እንደሚያወጡ ያድርጉ። ክርንዎን ወደ ኋላ።"

አራት ወር የሸሸሁት እንቅስቃሴ! "የግድ ነው?" አልኳት። የግድ ነው። ድምፅ አጥንትን አያልፍም። ክንዴ ጎኔ ላይ እንደተንጠለጠለ ከሆነ የምትፈልገው የጅማት ክፍል ጣሪያው ሥር ተደብቋል። እጅ ወደ ኋላ ሲሄድ ጅማቱ ከጣሪያው ሥር ወደ ፊት ይወጣል። ያን ጊዜ ይታያል። በመጀመሪያው ምርመራ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ስክሪኑ ላይ ያየሁት ጥቁር ጥላ ምን እንደነበር እዚህ ገባኝ። ሰዎቹ ያዩት ከጣሪያው የተረፈውን ነበር።

ስክሪኑ ላይ የክንዴ አጥንት ደማቅ ነጭ ቅስት ሆኖ ታየ። ከሥሩ ጨለማ ነው። በላዩ ላይ ጅማቱ ተኝቷል። ጥቃቅን ነጭ መስመሮች፣ አጠገብ ለአጠገብ የተዘረጉ፤ ሸማኔ እግር ሥር እንደተወጠረ ድር። ጫፉ ወደ አጥንቱ ሲጠጋ እየቀጠነ እንደ ወፍ አፍ ሾሏል። እዚያው ጫፉ ጋ ግን ጥቁር ነገር አለ።

"ያው ቀዳዳው" አልኩ፤ ልቤ ወረደ።

"ይመልከቱ" አለች። መሣሪያዋን ከቦታዋ አላንቀሳቀሰቻትም። ጥቂት ዲግሪ ብቻ ዘንበል አደረገቻት። ጥቁሩ ጠፋ። መስመሮቹ እስከ አጥንቱ ድረስ ሄደው ገቡ። መልሳ አዘነበለቻት፤ ቀዳዳው ተመለሰ። ቀና ስታደርጋት ጠፋ። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው።

እዚህ ጋ አላስቻለኝም። "90 ዲግሪ!" አልኳት። ሳቀች። በትክክል እሱ ነው። ድምፁ የጅማቱን መስመሮች ቀጥ ብሎ፣ በ90 ዲግሪ ሲመታቸው ተመልሶ ወደ መሣሪያዋ ይመጣል፤ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሰያፍ ሆኖ ሲመታቸው እንደ መስታወት ብርሃን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይነጥራል፤ የሚመለስ ነገር ስለሌለ ጥቁር ይሆናል። ጅማቱ ወደ አጥንቱ ሲጠጋ ጎብጦ ስለሚወርድ ጫፉ ላይ ይህ ስህተት ቶሎ ይፈጠራል። ስሙ አናይሶትሮፒ ነው። እውነተኛ መቀደድ መሣሪያውን ስታዘነብሉት አይጠፋም፤ ከሌላ አቅጣጫ ስታዩትም ይኖራል። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ያሳጣኝ የጥቂት ዲግሪ ጉዳይ ነበር። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ይህን ስነግራቸው ማዕዘን ለምን እንደምንማር ለመጀመሪያ ጊዜ የገባቸው መሰለኝ።

ቀጥላ ከጅማቱ በላይ ያለችውን ቀጭን ጥቁር መስመር ለካች። ቡርሳው ነው። 3.4 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ግራዬን አዞረችና ለካች። 1.1። "ግራውን ለምን?" ስላት "የእርስዎን ጤነኛ ትከሻ የማውቀው በሌላ በምን ነው?" አለችኝ።

የመጨረሻውን ክፍል ግን መቼም አልረሳውም። መሣሪያዋን ከጣሪያው አጥንት ጫፍ ወደ ክንዴ አጋድማ አስቀመጠቻት። ስክሪኑ ላይ በአንድ በኩል የአክሮሚየን ነጭ ጫፍ አለ፤ በሌላ በኩል የክንዴ አጥንት ክብ ራስ። "ቀስ ብለው በጎን ያንሱ።" መጀመሪያ በጤነኛው አሳየችኝ። ጅማቱ ከነመስመሮቹ መሳቢያ እንደሚገባ እየተንሸራተተ ጣሪያው ሥር ገባ። ኮሽታ የለው። ወደ ቀኙ መጣን። ክንዴን ማንሳት ጀመርኩ። ጅማቱ ተንቀሳቀሰ፣ ተንቀሳቀሰ፤ ከላዩ ያለው ያበጠ ከረጢት ግን ጣሪያው ጫፍ ጋ ሲደርስ መግባት አቃተው። በር ሲከፈት እንደሚሰበሰብ ምንጣፍ ተጨማደደ፣ ተቆለለ።

"አሁን አመመዎት" አለች። እኔ ገና አፌን አልከፈትኩም ነበር።

አራት ወር ሰው ያላየልኝን ነገር በዓይኔ አየሁት። ሕመሜ መልክ አለው! እንደ ሞኝ ደስ አለኝ። ድጋሚ አንሱ ብትለኝ አነሳ ነበር። ትንሽ ከፍ ሲል ክምሩ ተንሸራትቶ አለፈ፤ ሕመሙም ለቀቀኝ። ሁሉም ተቀርጿል፤ ስልኬ ላይም አለ፤ ለባለቤቴ አሳይቻታለሁ። "ልጁ ማንን ይመስላል?" ነው ያለችኝ።

ዶክተሯ ግን ደስታዬን ትንሽ ቀዝቀዝ አደረገችው። ምስል ብቻውን በሽታ አይደለም አለችኝ። ምንም የማያማቸው ሰዎች ትከሻ ላይም ያበጠ ከረጢት፣ የተቀደደ ጅማት ሳይቀር ይገኛል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ እየበዛ ይሄዳል። ምስሉ ዋጋ የሚያገኘው ሦስት ነገር ሲገጥም ነው፦ ክምሩና ሕመሙ በአንድ ቅጽበት ሲመጡ፣ ከጤነኛው ጎን ሲለይ፣ ሐኪሙ በእጁ ካገኘው ጋር ሲስማማ። የኔ ሦስቱም ገጠመ። የስልሳ አምስት ዓመት እናታችሁ ወረቀት ላይ "ቲር" የሚል ስላገኛችሁ ብቻ ግን አትደንግጡ። እሳቸውን ምን እንደሚያማቸው ጠይቋቸው።

ወረቀት ላይ የሚመጡት ቃላት ካስጨነቋችሁ፦ "ሃይፖኤኮይክ" ማለት ጠቆር ብሎ የታየ ማለት ነው፤ በራሱ በሽታ አይደለም። "ቴንዲኖሲስ" ወይም "ቴንዲኖፓቲ" ጅማቱ ወፍሯል፣ ጥራቱ ወርዷል ነው። "ፓርሻል" ከፊሉ የተቀደደ፣ "ፉል ቲክነስ" ከላይ እስከ ታች ዘልቆ የተቀደደ። ፉል ቲክነስን በማግኘት ረገድ አልትራሳውንድ፣ ልምድ ባለው እጅ ከሆነ፣ በማግኔት ከሚያነሳው ኤምአርአይ እምብዛም አያንስም። ከፊል መቀደድ ላይ ነው ስህተት የሚበዛው፤ እኔም የወደቅሁት እዚያ ነው።

የማያየውም አለ። የመገጣጠሚያውን ውስጥ፣ የአጥንቱን ውስጥ፣ ጣሪያው ሥር የቀረውን አያይም። ሐኪማችሁ እነዚህን ከጠረጠረ ወይም ቀዶ ሕክምና ከታሰበ ኤምአርአይ ያዛል፤ ያን ጊዜ ክርክር የለም። ለኔ ዓይነቱ ግን ኤምአርአይ ብዙ እጥፍ ገንዘብ አስወጥቶኝ፣ ክንዴን አጋድሞ ጸጥ ባለበት ፎቶ ያነሳልኝ ነበር። የኔ ሕመም ደግሞ ሲንቀሳቀስ እንጂ ሲተኛ አይታይም።

ለምርመራው ስትሄዱ መጾም የለም። በቀላሉ የሚወልቅ ልብስ ልበሱ፤ እኔ ሸሚዝ ለብሼ ሄጄ ቁልፍ ለመፍታት ሰው ለምኛለሁ። ሴቶች እጅጌ የሌለው ካናቴራ ከሥር ብታደርጉ ይቀላችኋል። የቀድሞውን ራጅና ወረቀት ያዙ። ከመክፈላችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። "ትከሻ ትሠራላችሁ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ይላል። "ክንዴን እያንቀሳቀሳችሁ ነው የምታዩት? ሁለቱንም ጎን ታያላችሁ?" በሉ። ዝምታ ካለ ሌላ ጋ ደውሉ። ማስታገሻ የምትወስዱ ከሆነ በዚያ ጠዋት መዝለል ትችሉ እንደሆነ ሐኪማችሁን አማክሩ። ወድቃችሁ ክንዳችሁ ጭራሽ አልነሳ ካለ ግን፣ ወይም ትከሻው ቀልቶ ትኩሳት ካለ፣ ይህን ሁሉ ተዉትና በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። የግራ ትከሻ ሕመም ከደረት መጨናነቅና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ደግሞ ነገሩ የትከሻ ላይሆን ይችላልና ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ወረቀቱን ይዤ ሐኪሙ ጋ ተመለስኩ። "ቀዶ ሕክምናውስ?" አልኩ፤ ህንድና ባንኮክ ገና ከጆሮዬ አልወጡም። ጣሪያውን የመሞረድ ቀዶ ሕክምና እንግሊዝ ውስጥ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቷል አለኝ። ከ300 በላይ ሕመምተኞች ናቸው። አንዳንዶቹ ተሞረዱ። አንዳንዶቹ ካሜራ ብቻ ገብቶ ወጣላቸው፤ አጥንታቸው አልተነካም፤ እነሱ ግን የትኛው እንደተደረገላቸው አያውቁም። የሁለቱ ውጤት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረውም። ፊንላንድም በዚያው ዓመት የወጣ ተመሳሳይ ጥናት እዚያው ደረሰ። የሒሳብ ሰው ነኝና አሳመነኝ። የኒር ጣሪያ እንደተባለው ጥፋተኛ ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

የስቴሮይድ መርፌም አነሳልኝ። በአልትራሳውንድ እያዩ ከረጢቱ ውስጥ ይወጉታል፤ ለተወሰኑ ሳምንታት ያስታግሳል። እኔ ስኳሬ ድንበር ላይ ነው። መርፌው ለጥቂት ቀናት ስኳር ከፍ ሊያደርግ ይችላል ስላለኝ መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒውን፣ በእንቅስቃሴ የሚሰጠውን ሕክምና፣ ልሞክር አልኩ። መርፌ የወሰዱ ባልደረቦች አሉኝ፤ እንቅልፋቸውን መልሶላቸዋል። አይወቀሱም።

ፊዚዮቴራፒስቷ አሥራ ሁለት ሳምንት ሰጠችኝ። ዋናው ነገር ላስቲክ መጎተት ነው፤ ክርን ከጎን ሳይለይ ወደ ውጪ፣ ከዚያ ወደ ኋላ፤ ከዚያ የትከሻ ሰሌዳ አጥንትን ወደ ኋላ መሳብ። አሰልቺ ነው። ይህን ሳልደብቅ ልናገር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አሞኝ ለመተው ቋምጬ ነበር። ትንሽ ሕመም ይፈቀዳል፤ ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን ላስቲኩን አላልቶ መቀጠል ነው አለችኝ።

ደግሜ አልትራሳውንድ ልነሳ ብዬ ለራዲዮሎጂስቷ ደወልኩ። "ለምን?" አለችኝ። "ከረጢቱ ቀንሶ እንደሆነ ለማየት።" "የሚያምዎት ከቀነሰ ቀንሷል። ገንዘብዎን ይያዙ። ፕሮትራክተር የለዎትም?"

አለኝ። ትልቅ፣ የእንጨት። ሳሎን ግድግዳ ላይ ቸነከርኩት። እሑድ እሑድ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ። ልጄ ክንዴን እያየች ቁጥሩን ታነባለች፤ እኔ "ጀመረኝ"፣ "ለቀቀኝ" እላለሁ። ደብተር ላይ ትጽፈዋለች። የመጀመሪያው ሳምንት 62 ጀምሮ 118 ለቀቀ። አምስተኛው ሳምንት 74 እና 110። ስምንተኛው ላይ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ የክፍል ውጤት ሞልቼ ስለነበር ነው፤ 68 እና 115። ልጄ በቀይ አሰመረችበት። አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ባዶ እጄን ስሆን ምንም። አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ ሳነሳ 90 አካባቢ ትንሽ ቆንጠጥ።

መስኮት ዘግቼ ነው የምተኛው፤ ይህን ለባለቤቴ ስል ነው። ሰሌዳው ላይ ከትከሻዬ በላይ አልጽፍም። ረጃጅሞቹ ተማሪዎች እየወጡ ይጽፉታል። ክቡንም እነሱ ናቸው የሚስሉት፤ እንቁላል ሲሆንባቸው ከኋላ ሆኜ የምስቀው እኔ ነኝ።